ከቅበላው ደብዳቤ በኋላ፦ ኮሌጁን መቼ ሄዶ ማየት ይሻላል?



በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ በሚኖሩ ብዙ የአገራችን ሰዎች ቤት የማርች ወር መጨረሻ የጭንቀት ጊዜ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ሁሉ መልስ ይጠብቃል። ዛሬ ፖስታ ሳጥን ደጅ የሚቆም የለም፤ ልጅቷ ስልኳን ትከፍታለች፣ ታነባለች፣ ትጮኻለች። እናት እልል ትላለች፤ አባት "ተመስገን" ብሎ ይቀመጣል፤ አገር ቤት ወዳሉት አያት ይደወላል።

ደስታው ጋብ ሲል ግን እራት ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። እናት፣ "ሄደን እንየው እንጂ" ትላለች። አባት ደግሞ፣ "ተቀብለዋት የለም እንዴ? ከዚህ በኋላ ምን ልናይ ነው? ለአንድ ጉብኝት ብዬ የቀን ሥራዬን ልተው?" ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ጉዞው ነዳጅ፣ ምሳና የአንድ ቀን ደመወዝ ያስከፍላል። አለመሄዱም የሚያስከፍለው አለ፤ የእርሱ ሒሳብ የሚመጣው ግን ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ከ"እንሂድ ወይስ እንቅር" ይልቅ "መቼ እንሂድ" የሚለውን አብረን እንመልከት። ያለ ጊዜው የተደረገ ጉብኝት ካለመሄድ ብዙም አይሻልምና።

ምደባና ምርጫ

ከእናንተ መካከል በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ብዙዎች የገባችሁት በምደባ ነው። ፎርም ትሞላላችሁ፤ ስማችሁ ከየትኛው ግቢ ጋር እንደሚወጣ የሚወስነው ግን ሌላ ነው። ስም ከወጣ በኋላ ሻንጣ ይታሰራል፣ ቤተ ሰብ እስከ አውቶቡስ ተራ ይሸኛል። ጅማም ይሁን ባሕር ዳር፣ ግቢውን የምታዩት የመጀመሪያውን ሌሊት ልታድሩበት ስትገቡ ነው። አስቀድሞ ሄዶ ማየትን ማን አስቦት! አባትየው "ተቀብለዋት የለም እንዴ?" ሲል ይህን ልምድ ይዞ ነው፤ አይፈረድበትም።

በአሜሪካ ግን ቅበላው ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። እስከዚያ ቀን ድረስ ደጅ የምትጠናው ልጃችሁ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ፣ በተለይ ሁለትና ሦስት ቦታ ከተቀበሏት፣ የሚለማመጣት ኮሌጁ ነው። ይህ ዕድል ግን ረጅም አይደለም። አብዛኞቹ ኮሌጆች መልስና ቀብድ የሚጠይቁት እስከ ሜይ 1 ቀን ነው። መደበኛው የቅበላ መልስ የሚወጣው በማርች መጨረሻ አካባቢ በመሆኑ፣ አንድ ወር ያህል ብቻ ቀራችሁ ማለት ነው። በዚህች አንድ ወር ውስጥ የአሥራ ሰባትና የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አራት ዓመት የምትኖርበትን ቦታ፣ ምናልባትም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የምትከፍለውን ዕዳ ትመርጣለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው እንዳይሆን፣ ወሯን በአግባቡ መከፋፈል ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ለዩ። ልጃችሁ ያመለከተችው "ኧርሊ ዲሲዥን" በሚባለው መንገድ ከሆነ መልሱ በዲሴምበር ይመጣል፤ ከተቀበሏትም እንደምትገባ አስቀድማ ቃል ገብታለች። በዚህ መንገድ ለሚሄዱ ቤተ ሰቦች የማየት ጊዜው ከማመልከቱ በፊት ነው። "ኧርሊ አክሽን" ግን ቃል አያስገባም፤ መልሱ ቀደም ብሎ ይመጣል፣ የመምረጫው ጊዜ ግን ያው እስከ ሜይ 1 ነው።

አንድ ምሳሌ፦ ቻርሎትስቪል

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር አንድ ግቢ ይዘን እንሂድ። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝባት ቻርሎትስቪል ከዋሽንግተን በስተደቡብ ምዕራብ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በመኪና ከሆነ በ66 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ትወጡና ጌይንስቪል ላይ ወደ 29 ቁጥር መንገድ ትታጠፋላችሁ። ዋረንተንንና ከልፔፐርን ካለፋችሁ በኋላ የሕንፃው ብዛት ይቀንሳል፤ ሜዳው ላይ ከብትና ፈረስ ይታያል፤ በስተቀኛችሁ የብሉ ሪጅ ተራሮች እንደ ስማቸው ሰማያዊ ሆነው ይከተሏችኋል። መንገዱ ካልተጨናነቀ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢወስድ ነው። መኪና ለሌለው ከዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን የሚነሣ የአምትራክ ባቡር አለ፤ የቻርሎትስቪል ጣቢያ ከግቢው ብዙም አይርቅም።

ይህን መንገድ በባቡርም በመኪናም ስትሄዱ ልብ የምትሉት ሌላ ነገር አለ። ልጃችሁ ለበዓል ወደ ቤት የምትመለሰው፣ ስታማትም የምትደርሱላት በዚሁ መንገድ ነው። ርቀቱን ከካርታ ላይ ማንበብና በገዛ ወገብ መሞከር አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። ያው ግቢ በአራት የተለያዩ ጊዜያት አራት የተለያየ ፊት አለው።

የመጀመሪያው በፌብሩዋሪና በማርች መጀመሪያ ነው። የኧርሊ አክሽን መልስ ቀደም ብሎ የደረሰው ቤተ ሰብ ወዲያው መሄድ ያምረዋል። ብርዱ አለ፤ ዛፉ ራቁቱን ነው። በዚህ አትሸበሩ፤ ተማሪዋ ክረምቱንም የምትኖረው እዚያው ነው። ማየት ያለባችሁ የተማሪዎቹን የእረፍት ሳምንት ነው። በማርች መጀመሪያ ገደማ ተማሪው ሁሉ ለስፕሪንግ ብሬክ ይበተናል፤ ያን ሳምንት ብትሄዱ የምታዩት ባዶ ቤት ነው።

ሁለተኛው በኤፕሪል የሚደረጉት የአቀባበል ቀናት ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ለተቀበላቸው ተማሪዎች "ዴይስ ኦን ዘ ሎውን" የሚባሉ ቀናትን ሲያዘጋጅ ኖሯል። ሣሩ ለምልሟል፣ ዶግውድና ሬድበድ የሚባሉት ዛፎች አብበዋል፣ ተማሪዎች ፈገግ እያሉ መንገድ ያሳያሉ፣ መምህራን ንግግር ያደርጋሉ። ጥሩ ቀን ነው፤ ጥያቄ የሚመልስ ሰው በአንድ ቦታ የሚገኝበት ቀን ነው። ነገር ግን የሠርግ ዕለት ነው። በሠርግ ዕለት የማያምር ቤት የለም፤ አማችነት የሚታወቀው ግን ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ተራ የሥራ ቀን ነው፤ በኤፕሪል ወር አጋማሽ ያለ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ። ማንም ለእናንተ ብሎ አልተዘጋጀም። ተማሪው እየሮጠ ወደ ክፍል ይሄዳል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሞልቷል፣ ቢሮዎች ክፍት ናቸው። ልጃችሁ ልትማርበት ባሰበችው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ለመከታተል የቅበላ ቢሮውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የአንድ ቀን ዕድል ብቻ ካላችሁ ይህን ቀን ምረጡ።

አራተኛው ከሜይ ወዲያ ነው። በሜይ መጀመሪያ ፈተና ነው፤ በዚያው ወር የምረቃ ሰሞን ሆቴሉ ሁሉ ይሞላል፣ ዋጋውም ይወጣል። በበጋው ግቢው ውብና ጸጥተኛ ነው፤ ግን መልስ የሚሰጥበት ቀን አልፏል። ያን ጊዜ የሚኬደው ሊመርጡ ሳይሆን ሊላመዱ ነው።

በግቢው ውስጥ

ከደረሳችሁ በኋላ መጀመሪያ የሚታያችሁ ክብ ጣሪያ ያለው ነጭ ዓምዶች የተደረደሩበት ሕንፃ ነው፤ ሮተንዳ ይባላል። ዩኒቨርሲቲውን እ.ኤ.አ. በ1819 የመሠረተው ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ሲሆን፣ ትምህርት የተጀመረው በ1825 ነው። ጄፈርሰን ሕንፃውን የነደፈው የሮማውን ፓንቴዎን አይቶ ነው፤ በዚያ ዘመን ኮሌጆች መካከል ላይ የጸሎት ቤት ሲያቆሙ እርሱ ቤተ መጻሕፍት አቆመ። በ1895 በእሳት ከተጎዳ በኋላ እንደገና ተሠርቷል። ከፊት ለፊቱ የተዘረጋው ሣር "ሎውን" ይባላል፤ ግራና ቀኙ አሥር ትልልቅ ቤቶችና 54 ትንንሽ ክፍሎች አሉ። በእነዚያ ክፍሎች ዛሬም የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ይኖሩባቸዋል፤ ምድጃ አላቸው፣ መታጠቢያ ግን የላቸውም፤ ተማሪው ፎጣውን ይዞ ወደ ውጭ ይወጣል። በዚያ መኖር ግን እንደ ትልቅ ክብር ይቆጠራል። ዩኔስኮ ይህን ስፍራ ከጄፈርሰን መኖሪያ ከሞንቲቼሎ ጋር በ1987 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ተማሪዎቹ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። "ካምፓስ" አይሉም፣ "ግራውንድስ" ይላሉ፤ "ፍሬሽማን" አይሉም፣ "ፈርስት ይር" ይላሉ። እናንተ ግን እዚህ ውበት ላይ አትቁሙ። ልጃችሁ አንደኛ ዓመት የምትኖረው በሎውን ላይ ሳይሆን በማኮርሚክ ወይም በኦልደርማን መንገድ ባሉት ዶርሞች ነውና እስከዚያ ድረስ በእግራችሁ ሂዱ። አቀበቱን ቅመሱት። በዚያው ኦብዘርቫቶሪ ሂል ካለው መመገቢያ አዳራሽ ምሳ ብሉ። በ2024 መጀመሪያ ታድሶ የተከፈተውን ኤድጋር ሻነን ቤተ መጻሕፍት ግቡና ለአንድ አፍታ ተቀመጡ። ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ተማሪው ዐይን ለዐይን ሲገናኝ ሰላም ይባባል እንደሆነ ተመልከቱ። ይህ በየትኛውም ብሮሹር ላይ አይጻፍም።

ዝም ብላችሁ የምታልፉት ያልሆነ ስፍራ

ከሮተንዳው በስተምሥራቅ፣ "ኮርነር" ከሚባለው የሱቆች ሰፈር አጠገብ፣ ከግራናይት የተሠራ አንድ ክብ ሐውልት አለ። በ2020 የተጠናቀቀው ይህ ሐውልት ዩኒቨርሲቲውን በገነቡና ባገለገሉ 4,000 ያህል ባሪያ የተደረጉ ሰዎች ስም የቆመ ነው። ጄፈርሰን ራሱ በዕድሜው ዘመን ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዞ ነበር። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ስማቸው የታወቀው በስማቸው፣ ስማቸው ያልታወቀው በሙያቸው ወይም በዝምድናቸው ተጽፈዋል፤ የቀሩት ድንጋዩ ላይ የተቀረጸ ምልክት ብቻ ናቸው። በውጭው ግድግዳ ላይ ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ሁለት ዐይኖች ይታያሉ። የኢዛቤላ ጊበንስ ዐይኖች ናቸው፤ በዚህ ግቢ በባርነት የኖረች፣ ነፃ ከወጣች በኋላም አስተማሪ የሆነች ሴት።

ከልጃችሁ ጋር እዚያ ተቀመጡ። እነዚያ ሰዎች ያነጹት ክፍል ውስጥ ጥቁር ተማሪ ለመግባት እስከ 1950 መጠበቅ ነበረበት፤ ያኔም ግሬጎሪ ስዋንሰን ወደ ሕግ ትምህርት ቤቱ የገባው በፍርድ ቤት ተከራክሮ ነው። ሴት ተማሪዎች ከወንዶች እኩል በመጀመሪያ ዲግሪ መቀበል የጀመሩትም በ1970 ነው። በኦገስት 2017 ደግሞ የነጭ የበላይነት አቀንቃኞች ችቦ ይዘው በዚሁ ሎውን ላይ ተሰልፈዋል፤ በማግስቱም በከተማዋ መካከል ከመካከላቸው አንዱ መኪናውን ሰው ላይ ነድቶ አንዲት ሴት ገድሏል።

ይህን የምንጽፈው ልታስፈራሩ አይደለም። ልጃችሁ ጥቁር ልጅ ናት፤ ስለዚህ ነገር እናንተ ባትጠይቁ እርሷ በልቧ ትጠይቃለች። አብራችሁ ብታነሡት ይሻላል። በዚያ የሚማሩትን የእኛን ልጆችና ሌሎች ጥቁር ተማሪዎች ፈልጋችሁ፣ "እንዴት ነው ኑሮው? ማታ ስትወጡ ትፈራላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ የሚመለሰው በአቀባበሉ መድረክ ላይ ሳይሆን በተራው ቀን፣ ቡና በተያዘበት ወንበር ላይ ነው።

ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ

ጉዞውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው አንድ ነገር አለ፤ የገንዘብ ዕርዳታው ወረቀት። ይህ ወረቀት ሳይደርስ መሄድ ዋጋው ያልተነገረ ቤት እንደ መጎብኘት ነው፤ ልብ ይወድዳል፣ ከዚያ እጅ ያጥራል። ልጅቷ ቦታውን ከወደደች በኋላ "አንችልም" ማለት ለአባት ከባድ፣ ለልጅ ደግሞ የባሰ ነው። በ2024 የፌዴራሉ የዕርዳታ ፎርም፣ ፋፍሳ የሚባለው፣ በመዘግየቱ ብዙ ኮሌጆች የመልስ ቀናቸውን ወደ ሜይ 15ና ከዚያም ወዲያ አዛውረው ነበር። ወረቀቱ ከዘገየባችሁ ወደ ኮሌጁ ጽፋችሁ ቀን መጠየቅ ነውር የለውም።

ወረቀቱ ሲመጣ ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ አንብቡት። በላዩ ላይ የተጻፈው ድምር ሁሉ ስጦታ አይደለም። ግራንትና ስኮላርሺፕ የማይመለስ ነው። ወርክ ስተዲ ልጅቷ ሠርታ የምታገኘው ነው። "ሎን" የሚለው ዕዳ ነው። በወላጆቿ የምትረዳ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በስሟ ከፌዴራል መንግሥት መበደር የምትችለው በዓመት እስከ 5,500 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ "ፓረንት ፕላስ" የሚል ካያችሁ ግን ያ ብድር በእናንተ ስም ነው። በ2025 የወጣው ሕግ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ይህን ብድር ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ላይ ገድቦታል። ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ የተማርነው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

የቨርጂኒያ ነዋሪዎች ከሆናችሁ ጥያቄው ይለያል። የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት ቢያንስ አንድ ዓመት በክፍለ ግዛቱ ቋሚ ነዋሪነት ያስፈልጋል፤ ከሜሪላንድ ለሚመጣ ክፍያው በጣም ከፍ ይላል። ዩኒቨርሲቲው በ2018 ገቢያቸው ከ80,000 ዶላር በታች የሆነ የቨርጂኒያ ቤተ ሰቦች ልጆች የትምህርት ክፍያ እንደማይከፍሉ አስታውቆ ነበር፤ ከ30,000 በታች ለሆኑት ደግሞ መኝታና ምግብም ተጨምሮ። ጣሪያው የሚለዋወጥ ስለሆነ የእናንተን ዓመት ቁጥር ከዕርዳታ ቢሮው አረጋግጡ። ቢሮው ደግሞ ቅዳሜና እሑድ አይገኝም። ጉዞው በሥራ ቀን ይሁን ያልንበት ትልቁ ምክንያትም ይኸው ነው። ከሰው ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ፣ "አባት ሥራ ቀንሷል፤ ይህ እዚህ ላይ አልታየም" ብትሉ ጉዳያችሁን እንደገና የሚመለከቱበት አሠራር አላቸው።

እዚያው ሳላችሁ ስለ አንድ ሕግም እወቁ። ፈርፓ የሚባለው የ1974 ሕግ ልጃችሁ ኮሌጅ ከገባች በኋላ በትምህርት መዝገቧ ላይ መብቱን ለእርሷ ይሰጣል። "ክፍያውን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ውጤቷን አሳዩኝ" ስትሉ ብዙውን ጊዜ መልሱ "እርሷን ይጠይቁ" ነው። ስለዚህ ውጤቷን ራሷ እንድትነግራችሁ የሚያደርገው የእናንተ ግንኙነት ነው፤ እርሱ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ይገነባል።

ሁለት ሰዓት ልቀቋት

አንድ የጉዞ ምክር ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። በቀኑ መካከል ልጃችሁን ለሁለት ሰዓት ብቻዋን ልቀቋት። እናንተ ኮርነር ላይ ቡና ጠጡ፣ ወይም ከሎውን ጀርባ በተጠማዘዘ የጡብ አጥር በተከበቡት የአትክልት ቦታዎች ተቀመጡ። እርሷ ትዙር፣ ትጥፋ፣ ሰው ትጠይቅ። ስትመለስ "እንዴት ነው?" ብላችሁ አትቸኩሉባት። በመመለሻው መንገድ፣ ከከልፔፐር ወዲህ፣ ራሷ ትናገራለች። ባልና ሚስትም የየራሳችሁን ፍርድ ለእርሷ ከመንገራችሁ በፊት እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ። አባት በአንድ ወገን፣ እናት በሌላ ወገን ሆነው ሲጎትቷት ልጅቷ ኮሌጅ ሳይሆን ወላጅ ለመምረጥ ትገደዳለች።

ስለ እሑድም አንድ ቃል። ቤት ሳለች በመኪና ወስዳችሁ ቤተ ክርስቲያን ታደርሷታላችሁ፤ እዚያ ግን የሚያደርሳት የለም። በተማሪዎቹ መካከል ያሉትን ኅብረቶች ጠይቁ፤ ከግቢው አጠገብ የክርስቲያን የጥናት ማዕከል አለ። ልጃችሁ በእግሯ ደርሳ የምትመለስበትን ጉባኤ ራሷ ብታየው ጥሩ ነው። እናንተ ለመረጣችሁላት ሳይሆን እርሷ ላገኘችው ትቆማለች።

ፈጽሞ መሄድ ባይቻልስ? ኮሌጁ በሌላ ክፍለ ግዛት ሊሆን ይችላል፤ የሥራ ፈቃድም ይታጣል። ያን ጊዜ ለቅበላ ቢሮው ጻፉና ለመጓጓዣ የሚያግዙበት መንገድ እንዳለ ጠይቁ፤ ያላቸው ኮሌጆች አሉ። እርሱም ካልሆነ በዚያ ከተማ ያለ ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ወገን በእናንተ ፈንታ አንድ ማክሰኞ ሄዶ ስልኩን ከፍቶ ያሳያችሁ። ለዕርዳታ ቢሮውም ደውሉ። ከሁለት ወላጅ አንዱ ብቻ የሚችል ከሆነ ደግሞ ይበልጥ የተጠራጠረው ይሂድ። ያመነው ቀድሞውኑ አምኗል፤ ልጅቷ በኋላ የምትፈልገው የተጠራጠረውን ሰው "አይቼዋለሁ፤ ይሁን" ማለት ነው።

እንግዲህ የመጋቢት መልስ በቤታችሁ ሲደርስ ካሌንደሩን አውርዱ። የዕርዳታው ወረቀት የሚደርስበትን ቀን ጻፉ፤ ሜይ 1ን አክብቡ፤ በሁለቱ መካከል ያለ አንድ ማክሰኞ ምረጡና ለአለቃችሁ ከአሁኑ ንገሩ። ጌታ መንገዳችሁን ያቅና።